የሞተር ማስነሻና የቤት ሶላር ባትሪ፦ አመራረጥና አያያዝ

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የስልጠና ጽሑፍ

መግቢያ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች ባትሪ ከእርሻ መሣሪያዎች አንዱ ሆኗል። ትራክተሩንና ኮምባይነሩን የሚያስነሳው ባትሪ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቤትም ቀን ከፀሐይ የተገኘውን ኃይል ለማታ የሚያቆየው ባትሪ ነው። ሁለቱ ባትሪዎች ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም 12 ቮልት ናቸው። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ልዩነቱን ባለማወቅ ገንዘብ ይባክናል፤ ከዚያም አልፎ ስንዴው ደርሶ፣ ሰማዩ ደመና ቋጥሮ ሳለ መሣሪያው አልነሳ ይላል።

ከዚህ ትምህርት በኋላ ሁለቱን ባትሪዎች ለይተው ያውቃሉ፤ ለቤትዎ የሚበቃውን ባትሪ አስልተው ይመርጣሉ፤ ወርኃዊ ክትትሉን በራስዎ ያከናውናሉ፤ ለልማት ቡድንዎ አባላትም ያሳያሉ።

1. ሁለት ሥራ፣ ሁለት ባትሪ

የማስነሻ ባትሪ በውስጡ ብዙ ስስ የእርሳስ ሰሌዳዎች አሉት። ቁልፉ ሲዞር በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ለሞተሪኖው ይሰጣል። ሞተሩ እንደተነሳ ዲናሞው የወጣውን ኃይል መልሶ ይሞላል። ስለዚህ ይህ ባትሪ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ከያዘው ጥቂቱን ብቻ ነው። ደጋግሞ እስከ ታች ከተሟጠጠ ስስ ሰሌዳዎቹ ይጎዳሉ፤ ዕድሜውም ያጥራል።

የቤት ሶላር ባትሪ ደግሞ ወፍራም ሰሌዳዎች አሉት። ኃይሉን በዝግታ፣ ለብዙ ሰዓት ይሰጣል። በየቀኑ መውጣትና መሞላትን ይችላል። ነጋዴዎች «ዲፕ ሳይክል» ይሉታል።

የማስነሻ ባትሪ እንደ ጉግስ ፈረስ ነው፤ የቤት ባትሪ እንደ እርሻ በሬ ነው። ፈረሱን ቀንበር ላይ ጠምደው ቀኑን ሙሉ አያርሱበትም።

መብራትና ሬዲዮ ያላቸው የሞተር ጀልባዎች በዚሁ ምክንያት ብዙ ጊዜ ሁለት ባትሪ ይይዛሉ፤ አንዱ ሞተር ለማስነሳት ብቻ፣ ሌላው ለመብራትና ለሬዲዮ። መብራቱ ሌሊቱን ቢበራ እንኳ የማስነሻው ባትሪ አይነካም። እንደ ጣና ባለ ሐይቅ መሃል ሞተር አልነሳ ቢል ገፍቶ የሚያስነሳ የለምና። በማሳ ላይ የቆመ ትራክተርም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም።

2. በብዛት የሚታዩ ሁለት ስህተቶች

አንደኛ፣ የትራክተርን ባትሪ ፈትቶ ለሠርግ ወይም ለሌላ ድግስ መብራት ማዋል። ባትሪው ሌሊቱን ተሟጦ ያድራል፤ ጠዋት ሞተሪኖውን ማዞር ያቅተዋል።

ሁለተኛ፣ ዋጋው ረከስ ስላለ ብቻ ያገለገለ የመኪና ባትሪ ለሶላር መግዛት። ለጥቂት ወራት ያበራል፤ ከዚያ ማታ ማታ እየቀደመ ይጠፋል። ርካሽ የመሰለው ባትሪ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲገዛ ከትክክለኛው ባትሪ ዋጋ ሊያልፍ ይችላል።

3. የማስነሻ ባትሪ ሲመርጡ

• የመሣሪያው መመሪያ ያዘዘውን ቮልትና የማስነሻ አምፔር ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ። ከታዘዘው ያነሰ አይግዙ። በጮቄ ተራራ ግርጌ እንዳሉት ብርዳማ ቀበሌዎች ጠዋት የሞተር ዘይት ይወፍራል፤ የባትሪው ጉልበትም በዚያው ሰዓት ይቀንሳል።
• የባትሪው ልክና የፖዘቲቭ ራሱ አቀማመጥ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።
• የተመረተበትን ቀን ይጠይቁ። ሳይሞላ ለረጅም ጊዜ መደርደሪያ ላይ የቆየ ባትሪ ሳይሠራ ያረጃል።
• በቴስተር ያስለኩት። ከ12.4 ቮልት በታች ካሳየ ሌላ ይምረጡ።
• መሣሪያው በ24 ቮልት የሚሠራና ሁለት ባትሪ ያለው ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። አሮጌው አዲሱን ይጎዳዋል።

4. የቤት ባትሪ ሲመርጡ

መጀመሪያ በቀን የሚጠቀሙትን ኃይል ያስሉ። ለምሳሌ፦

• 3 አምፖል × 5 ዋት × 4 ሰዓት = 60 ዋት ሰዓት
• 1 ሬዲዮ × 5 ዋት × 4 ሰዓት = 20 ዋት ሰዓት
• 2 ሞባይል × 10 ዋት ሰዓት = 20 ዋት ሰዓት
• ድምር = 100 ዋት ሰዓት

100 ለ12 ቮልት ሲካፈል 8.3 አምፔር ሰዓት ገደማ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ የማይወጣባቸው ቀናት ስለሚደራረቡ ለ3 ቀን ያስቡ፤ 25 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ከባትሪው የሚወጣው ግን ግማሹ ብቻ መሆን አለበት። የዘር እህል እንደማይበላ ሁሉ የባትሪው ግማሽም አይነካም። ስለዚህ ለዚህ ቤት የሚያስፈልገው 50 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው።

ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚሄደው ኃይል የግድ በቻርጅ መቆጣጠሪያ በኩል ይለፍ። መቆጣጠሪያው ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላ ይከላከላል፤ ኃይሉ ሲያንስም መብራቱን ያጠፋል። መቆጣጠሪያው ያጠፋውን መብራት ገመዱን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኝተው አያብሩ።

የሊቲየም ባትሪ ውሃ አይጠይቅም፤ ከግማሽ በላይም መጠቀም ይቻላል። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ለእሱ የሚስማማ መቆጣጠሪያም ይፈልጋል።

5. ወርኃዊ ክትትል

ሀ. ልኬት። ባትሪው ሳይሞላም ሳይሠራም ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ በቴስተር ይለኩ።

• 12.6 ቮልትና በላይ፦ ሙሉ ነው
• 12.4 ቮልት፦ ሦስት አራተኛ
• 12.2 ቮልት፦ ግማሽ፤ ሳይዘገይ ይሞላ
• 12.0 ቮልትና በታች፦ ከልክ በላይ ወርዷል፤ በዕለቱ ይሞላ

ባዶውን የሚቀመጥ ባትሪ ሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ ነገር ይጋገርበታል። ሲቆይ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ ቻርጅ ቢደረግም ኃይል አይዝም።

ለ. ውሃ። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ፈሳሹ ሰሌዳዎቹን መሸፈኑን ይዩ። ከጎደለ ባትሪው ከተሞላ በኋላ የተጣራ የባትሪ ውሃ እስከ ምልክቱ ይጨምሩ። የምንጭና የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለው ባትሪውን ይጎዳል። አሲድ አይጨምሩ፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም።

ሐ. ራሶቹ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ገመዱን ይፍቱ። ሲፈቱ ኔጋቲቩን መጀመሪያ፣ ሲያስሩ ኔጋቲቩን መጨረሻ ያድርጉ። በሞቀ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ያጽዱ፤ ወደ ባትሪው ውስጥ ግን ጠብ እንዳይል ይጠንቀቁ። ሲደርቅ አጥብቀው ይሰሩና ቫዝሊን ይቀቡ። አልነሳ ያለ ሞተር ብዙ ጊዜ ችግሩ የላላ ገመድ ነው።

መ. የቆመ መሣሪያ። ትራክተሩ ከዘር በኋላ እስከ አጨዳ የሚቆም ከሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ፤ በወር አንድ ጊዜም ያስሞሉት። ለአጨዳ የሚፈለግ ባትሪ በጥቅምት ይፈተሽ።

6. ጥንቃቄ

• ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል። ኩራዝ፣ ክብሪትና ሲጋራ አጠገቡ አይቅረብ። አየር በሚገባበት፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት።
• ጓንትና መነጽር ያድርጉ። አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ሳያቋርጡ ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ይጠቡ፤ ዓይን ከሆነ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።
• አሮጌ ባትሪ አይስበሩ፤ አሲዱን ማሳ ወይም ወንዝ ላይ አይድፉ። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። አሮጌውን ሳይከፍቱ ለሚረከብ ነጋዴ ያስረክቡ።

የተግባር ልምምድ

በቡድን ሆነው አንድ የማስነሻና አንድ የቤት ባትሪ ይለኩ፤ ውጤቱን ከቀኑ ጋር በደብተር ይመዝግቡ። በሚቀጥለው ወር በዚያው ሰዓት ለክተው ያወዳድሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤትዎ በቀን ስንት ዋት ሰዓት ይጠቀማሉ? ለ3 ደመናማ ቀናት ስንት አምፔር ሰዓት ባትሪ ያስፈልግዎታል?
2. ጎረቤትዎ የትራክተርዎን ባትሪ ለድግስ መብራት ቢጠይቅዎ ምን ብለው ያስረዱታል?
3. በቀበሌዎ አሮጌ ባትሪዎች የት ነው የሚጣሉት? ምን መደረግ አለበት?

ማጠቃለያ

ለማስነሻ የተሠራው ያስነሳ፤ ለመብራት የተሠራው ያብራ። ከግማሽ በታች አይውረድ፤ ባዶውን አይደር። ይህን የጠበቀ አርሶ አደር ማታ ልጆቹ በብርሃን ያጠናሉ፤ በአጨዳ ጠዋትም ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ይነሳለታል።