መጀመሪያ ጉሊቱን ጠይቅ

ሰመራ ላለው የእህቴ ልጅ፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ

ባለፈው ጥር ሰመራ መጥቼ ክፍልህ ሁለት ሌሊት ሳድር አልጋህ ሥር ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። አሥራ አንድ የሳልሳ ቆርቆሮ! ሰባቱ ባዶ፣ አራቱ ተራቸውን የሚጠብቁ። ሎጊያ ገበያ ቲማቲሙ መደብ መደብ ሆኖ ገዢ አጥቶ ፀሐይ እያፈረጠው፣ አንተ ተፈልቶና ታሽጎ መርከብ ተጭኖ የመጣውን ትበላለህ። ስጠይቅህ «አክስቴ፣ ላጤ ነኝ፣ ወጥ መሥራት ጊዜ ይፈጃል» አልከኝ። ደሞዝ የወጣ ሰሞን ማታ ማታ ጥብስ ታዛለህ፤ ወሩ ሲጋመስ ፓስታና ሳልሳ፤ መጨረሻው ላይ «ጨጓራዬን አመመኝ» ትላለህ።

እኔ ጣቢያው አጠገብ ሃያ ስድስት ዓመት ምግብ ሸጫለሁ። አዋሽ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ይህች ከተማ መቆሚያው ሆና ቀረች። ደህና ኪስ ያለው መንገደኛ የጣቢያው ቡፌ ውስጥ በጠረጴዛ ይበላ ነበር፤ የሦስተኛ ማዕረጉ እኔ ዘንድ እየሮጠ ይመጣል፣ ፊሽካው እስኪነፋ በልቶ መመለስ ነበረበት። ሜኑ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ጠዋት ገበያው የሰጠኝን ነበር ቀን የማቀርበው። የምመክርህ ሁሉ ከዚያ ምድጃ የወጣ ነው።

1. ጉሊቱን ሳትጠይቅ ምን እንደምትበላ አትወስን። አንተ «ዛሬ አልጫ አማረኝ» ብለህ ትወጣለህ፤ ካሮቱ የጠወለገ፣ ዋጋው የሰማይ ስባሪ ይሆንብሃል፣ ተናደህ ምግብ ቤት ትገባለህ። ጎረቤቶችህን አፋሮቹን አላየህም? ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ሳይለዋወጥ አያልፍም። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናቡ የት ጣለ፣ ሣሩ እንዴት ነው? ከብት የሚነዳ ሰው ያንን ሳይሰማ እግሩን አያነሳም። አንተም ከጉሊት ሴቶቹ ጋር ዳጉ ተቀመጥ። «እትዬ፣ ሌሊት ምን ገባ? ከየት ነው? ነገስ ምን ይመጣል?» በላቸው። ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ደንበኛ ትሆናለህ፣ ያደረውን ከሥር የገባውን ከላይ አድርገው አይመዝኑልህም። ጥያቄህን ከመለሱልህ በኋላ ነው ድስቱ የሚታሰበው።

2. ወቅቱን በዋጋው እወቀው። የመጽሐፍ ሠንጠረዥ አያስፈልግህም፤ ዋጋው ወርዶ ክምሩ ሲከመር ያ አትክልት ወራቱ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ግን ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። መንገድ ላይ ሲጠለፍ ነው የሚውለው፤ በቆቃ፣ በመርቲ፣ በአሚባራ፣ አንተ ዘንድ ደግሞ በዱብቲና በአሳይታ። ስለዚህ የእኛ ሸለቆ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚበረክተው ሰማዩ ሲደርቅ ነው፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ። ክረምት ሲገባ ቲማቲሙን እርጥበት ያመጣው በሽታ ይመታዋል፣ ሽንኩርቱም በደንብ ሳይደርቅ እየተነሳ ይበሰብሳል፤ ያኔ ሁለቱም ይወደዳሉ። ግን ክረምት ማለት ደጋው ጎመን የሚያወርድበት ነው። አንተ ከእኔ ይልቅ ዕድለኛ ነህ፤ በሚሌ በኩል ባቲ ቅርብህ ነው። ደገኛውና ቆለኛው የሚገናኝበት የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ሳትዘናጋ ውጣ። መስከረምና ጥቅምት ዱባ ነው።

እግረ መንገዴን ላጫውትህ። እናቴ የዛሬውን ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት «የፈረንጅ ሽንኩርት» እያለች ዕድሜዋን ሙሉ አልወደደችውም። በእሷ ጊዜ የነበረው ትንንሹ የሀበሻ ሽንኩርት ነው፤ ትልቁ በሸለቋችን መስኖ የተስፋፋው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። «ውሃ ነው፣ ወጥ አያሲዝም» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ ግን የሀበሻውን ስትልጥ ግማሽ ቀን ታለቅስ እንደነበር አትናገርም።

3. ሙቀቱን አትታገለው፣ ቀዝቃዛ ብላ። በዚህኛው ላይ ልቆይ። ሰመራ በሰኔ ከ40 ዲግሪ አልፎ ሲነድ ትኩስ ቀይ ወጥ ማን ይበላል? አንተ ምግብ የሚዘጋህ ስለሰነፍክ አይደለም፣ ሰውነትህ እምቢ እያለ ነው። የደጋ ሰዎች ለጾም ብለው የሠሯቸው ምግቦች አሉ፤ ሳስበው ለሰመራ የተፈጠሩ ይመስለኛል፣ እሳት አይፈልጉም ወይም ትንሽ ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ቲማቲም ፍትፍት አሥር ደቂቃ አይወስድም። ሦስት የበሰለ ቲማቲም፣ ግማሽ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ ደቅቀው ይከተፋሉ፤ አንድ ሎሚ ትጨምቅበታለህ፣ ጥቂት ዘይት፣ ጨው። ያደረ እንጀራ ቆራርሰህ ትለውሰዋለህ። ትኩስ እንጀራ አይሆንም፣ ይላቁጣል። ቲማቲሙ ጭማቂውን እስኪተፋ አምስት ደቂቃ ተወው፣ ከዚያ ብላ። የፈረጠውን፣ ማንም የማይፈልገውን ቲማቲም በግማሽ ዋጋ ግዛ፤ ለፍትፍት የሚጣፍጠው እሱ ነው፣ የሸተተና የሻገተ ካልሆነ።

አዚፋ ሁለተኛው ነው። ድፍን ምስር በጠዋት ትቀቅላለህ፣ ውሃውን ታጠላለህ፣ ሲቀዘቅዝ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ዘይትና የተበጠበጠ ሰናፍጭ ትጨምርበታለህ። ሰናፍጩ አፍንጫህን ሲነዝረው ሙቀቱን ትረሳዋለህ። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ያግዛል። ሻዩን ግን ከምግብ ጋር አትጠጣ፣ ያንኑ ብረት ያግድብሃል፤ አንድ ሰዓት ቆይተህ ጠጣው።

ሦስተኛው ሱፍ ፍትፍት ነው። ሱፉን አፍልቶ፣ ወቅጦ፣ በውሃ አጥልሎ እንደ ወተት ማውጣት ሥራ ስለሆነ ለአንተ አልፈርድም። የተፈጨውን እልክልሃለሁ፤ አንተ በንጹሕ ውሃ በጥብጠህ ታጠለዋለህ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠህ ትጨምራለህ፣ ቃሪያ ትከትፍበታለህ።

ጥሬውን ለምትበላው ሁሉ የምታጥብበት ውሃ የምትጠጣው ውሃ ይሁን። ሸለቆው ታች የሚደርሰው ወንዝ ስንት ከተማ አጥቦ እንደመጣ አስብ።

4. በንጋት ሥራ፣ ትንሽ ሥራ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳ፤ እስከ 12 ተኩል ጨርሰህ ትወጣለህ፣ ክፍልህም አይግልብህም። «ለሦስት ቀን አብስዬ ላስቀምጥ» የምትለውን የአዲስ አበባ ልማድ ተው። ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት የበሰለ ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ ደጅ መቆየት የለበትም፤ ሰመራ ደግሞ ከዚያ በታች የሚሆነው መቼ ነው? እኔ ራሴ አንድ የሰኔ ቀን ከምሳ የተረፈኝን ጎመን በድስቱ ከድኜ እስከ ማታ አቆይቼ ለአጎትህ አቀረብኩለት። ሌሊቱን ሙሉ ሲወጣና ሲገባ አደረ። ጎመኑ አልሸተተም፣ መልኩም አልተለወጠም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እስካሁን ያነሳብኛል።

5. ጎመንን አትግደል። ሁለት ሰዓት የሚቀቅሉት አሉ፤ ውሃውን ደፍተው ቀለሙን አጥፍተው ገለባ ይበላሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት አብስለህ፣ ደቅቆ የተከተፈውን ከነእርጥበቱ ጨምረህ ክደነው፤ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ቃሪያውን ከእሳት ስታወርድ ጣልበት። ዘይቱን ፈርተህ አታጥፋው፤ በጎመን፣ በካሮትና በዱባ ውስጥ ያለው ለዓይን የሚጠቅመው ነገር ያለ ቅባት ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም። ቆስጣ ከሆነ ከዚህም ያነሰ እሳት ይበቃዋል።

6. ከሰሉን በዝግ ክፍል አታንድ። መብራት ጠፋ ብለህ ምድጃውን ወደ ውስጥ ታስገባለህ፣ በር ትዘጋለህ፣ ከዚያ የሚሆነውን ሰምተሃል። የእኛ አካባቢ ከሰል ባብዛኛው ከዚያ አፋሮች ደርጊ ሃራ ከሚሉት እሾሃማ ዛፍ ነው፤ ግጦሹን ሁሉ ወርሶ ካስቸገረ በኋላ ለከሰል መሆኑ ብቻ ነው ውለታው። ይሁንና ደጅ ላይ ይንደድ።

7. ዱባና ባሚያን አትናቅ። ዱባ ሳይቆረጥ ሳምንታት ይቆያል፣ ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ልጠህ ቆራርጠህ ሽንኩርትና እርድ ባለበት ድስት ጨምረው፤ ውሃ አታብዛ፣ የራሱ ይበቃዋል፣ በሃያ ደቂቃ ይበስላል። ከጋምቤላና ከቤኒሻንጉል የመጡ የሥራ ባልደረቦች ካሉህ ባሚያን እነሱን ጠይቃቸው፣ ሙቀት የሚወድ አትክልት ነው፣ እነሱም ያውቁበታል። ሙልጭልጩን የምትጠላው ከሆነ አጥበህ በደንብ አድርቀው፣ ከዚያ ቁረጠው፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ አብዛበት።

8. ጨውን መጨረሻ ላይ። የምትበላው ጨው የአፋር ምድር ጨው ነው፣ የአፍዴራ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ እንቅርትን ለመከላከል አዮዲን እንዲጨመርበት ተደንግጓል፤ አዮዲኑ ግን እሳትና ፀሐይ አይወድም። ገርበብ ባለ ጣሳ መስኮት ላይ አስቀምጠኸው አየሁ። ክደነው።

9. ስለታም ቢላ ግዛ። ያንተው ቲማቲም አይቆርጥም፣ ይጨፈልቃል።

10. ማቀዝቀዣ ከሌለህ ሁለት ገንቦ ይበቃሃል። ሰፊ አፍ ያለው ትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ትንሹን አስቀምጥ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሙላ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥብ፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደነው፣ ነፋስ በሚነካው ጥላ ላይ አቁመው። መሐመድ ባህ አባ የሚባል የናይጄሪያ መምህር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህንን ለገበሬዎች አስፋፍቶ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቶበታል። እኛ ግን የውሃ ገንቦ ሲያልበው ውስጡ እንደሚቀዘቅዝ ድሮም እናውቃለን፤ አየሩ በደረቀ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል፣ ሰመራን የመሰለ ደረቅ ደግሞ የለም። ጎመንና ካሮት እዚያ ይግቡ። ሽንኩርት አይገባም፣ እሱ የሚፈልገው ደረቅ ቦታ ነው፤ ከድንችም ለየው፣ አንዱ ሌላውን ያበላሻል።

11. ደረቁን ከቤት አታጥፋ። በነሐሴ 2012 አዋሽ ሞልቶ አፋር ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲያፈናቅል ማሳውንም ውሃ ውጦት ነበር። በ2017 ጥር ደግሞ ምድር በፈንታሌ በኩል ስትንቀጠቀጥ እኛ ደጅ እያደርን ማን ገበያ ይወጣል? ያን ሰሞን ያኖሩኝ ሽሮ፣ ምስርና ጓዳ ውስጥ የቀረ አንድ ዱባ ናቸው። ጉሊቱ ሁልጊዜ መልስ የሚሰጥህ አይምሰልህ።

12. ብቻህን አትብላ። ለአንድ ሰው ጎመን መግዛት ኪሳራ ነው፣ እስሩ ሳያልቅ ይጠወልጋል። ግቢው ውስጥ አራት ላጤዎች አይቻለሁ፣ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ፓስታ ስትቀቅሉ። ተራ ግቡ፤ አንዱ ይገዛል፣ አንዱ ይሠራል፣ ሁለቱ ያጥባሉ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ከማፍጠሪያው በፊት ለጎረቤቶችህ ካሮት የበዛበት የአጃ ሾርባ ይዘህ ሂድ። እዚህ አዋሽ ቤታችን እንዲያ ነው የኖረው፤ የጎረቤቶቻችን ሳምቡሳ ወደ እኛ፣ የእኛ ዳቦ ወደ እነሱ። ያኔ የሚያቀርቡልህን ተምርና የግመል ወተት ደግሞ እንዳትመልስ።

እንግዲህ ሐሙስ ወደ ጅቡቲ የሚያልፍ የማውቀው ሹፌር አለ። የተፈጨ ሱፍ፣ ሰናፍጭና ትንሽ በርበሬ ይዞልህ ይመጣል፤ ሎጊያ ሲደርስ ይደውልልሃል። ያለፈውን ጣሳ አልመለስክልኝም፣ ክዳኑ ሰማያዊ የሆነውን። በእሱው እጅ ላክልኝ፣ ባዶውን ግን አይሁን፤ እዚያ ሽንኩርቱ ረክሷል አሉ።