መጎተትሽን ተዪና የቀባሽበትን ጠርሙስ አሳዪኝ

ተዪ፣ እንዲያ አትጎትቺው! የሞዴል ፕላስቲክ በኃይል ሲሳብ በተጣበቀበት መስመር ላይ ሳይሆን ሳሳ ባለበት በኩል ነው የሚሰነጠቀው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪውና ስሚኝ።

የሆነው ገብቶኛል። አፍንጫው ውስጥ ክብደት ሳታስገቢ የአውሮፕላኑን ግራና ቀኝ ገጥመሽ ዘጋሽው። ኤፍ-86 ደግሞ ይህን አይምርም። በንጉሡ ዘመን አየር ኃይላችን ያበረው የነበረው ይህ ጄት አንድ ጎማ ከፊት፣ ሁለት ጎማ ከክንፎቹ ሥር አለው። በሞዴሉ ላይ ከሁለቱ ጎማዎች በስተኋላ ያለው አካል ስለሚያመዝን፣ ፊቱ ካልከበደ ጅራቱ ላይ ቁጭ ይላል።

ግን የግድ መከፈት አለበት ወይ? የአብራሪው መስታወት ገና አልተጣበቀም። ከወንበሩ ኋላ ያለው ክፍተት አሁንም ከሁለቱ ጎማዎች ፊት ስለሆነ፣ እዚያ የገባ ክብደት ይሠራል። ትናንሽ የእርሳስ ጥይቶች ካገኘሽ በኢፖክሲ አጣብቂያቸው፤ በነጭ ኮላ ግን አደራ! እርሳስ ከኮላው ጋር ሲቆይ እየተበላ ያብጥና ሞዴሉን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ቦታው ካልበቃሽም የፊት ጎማውን ማሳያ ሰሌዳ ላይ ብታጣብቂው ማን ያውቅብሻል? ከእነዚህ አንዱ ከሠራልሽ ምላጩን መልሺው።

«የለም፣ ይከፈት» ካልሽ፣ በምን እንደቀባሽው ንገሪኝ። መንገዱን የሚመርጥልሽ ማጣበቂያው ነው።

የፕላስቲክ ማጣበቂያ ከሆነ፣ ለምሳሌ ይሄ ባለ አረንጓዴ ክዳኑ የታሚያ ቀጭን ማጣበቂያ፣ ሥራው ማቅለጥ ነው። አሴቶንና ቡቲል አሴቴት አለበት፤ ፖሊስታይሪኑን ከሁለቱም ወገን ያሟሟውና ራሱ ተንኖ ይሄዳል። የቀረው ልክ አብሮ እንደተለወሰ ሊጥ አንድ ፕላስቲክ ነው፤ በመሃል የሚላቀቅ ማጣበቂያ የለም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ከተቀባ ምን ያህል ቆየ የሚለው ነው። ደቂቃዎች ብቻ ከሆኑ አሁኑኑ ቀስ አድርገሽ ክፈቺው። ሰዓታት ካለፉ ያንኑ ማጣበቂያ በብሩሹ ጫፍ መጋጠሚያው ላይ ንኪ፤ ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ይሄዳል። ትንሽ ጠብቂና የቀጭን ምላጭ ጫፍ አስገብተሽ ሞክሪ። እሺ ካላለሽ ደግመሽ ንኪ እንጂ አትፈልቅቂ። አታብዢውም፤ የፈሰሰው ፊቱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ያጠፋቸዋል፤ ያንን መልሶ መቅረጽ መክፈቱን ያስመኛል። መስኮቱንም ክፈቺ፣ ሽታው ለራስ ጥሩ አይደለም።

ቀናት ካለፉት ግን ማሟሟቱን እርሺው። ጥርሱ ደቃቅ በሆነ መጋዝ መጋጠሚያውን ተከትለሽ ትቆርጫለሽ። መጋዙ የራሱን ውፍረት ያህል ፕላስቲክ ይበላል፤ ስለዚህ መልሰሽ ስትገጥሚ በመሃሉ ቀጭን የፕላስቲክ ስትሪፕ አስገቢ፣ አለዚያ ሆዱ ይጠብና ክንፎቹ አይገጥሙም። ምላጭም ሆነ መጋዝ ስትይዢ ጣቶችሽ ከስለቱ ፊት አይሁኑ።

ሱፐር ግሉ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ፕላስቲኩን አያቀልጥም፤ በመሃል ደርቆ ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል። ቀጥ ብሎ ሲሳብ ይበረታል፤ ሲጠመዘዝ፣ ወደ ጎን ሲገፋ ወይም ሲቀዘቅዝ ግን ይሰበራል። እንግዲያው ሞዴሉን በፌስታል ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ተዪው። ስታወጪው ወዲያው፣ ሳይሞቅ፣ በመጋጠሚያው ላይ የምላጩን ጫፍ አስገብተሽ ጠምዘዝ አድርጊው፤ ብዙ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ይለቃል። ቀዝቃዛ ፕላስቲክም ቶሎ ይሰበራልና ቀጫጭን ክፍሎቹን አትጫኚ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚመክርሽ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው። አሴቶን ሱፐር ግሉን ያሟሟል፣ እውነት ነው፤ ግን ፖሊስታይሪኑንም አብሮ ያሟሟል። ለጣትሽ እንጂ ለሞዴሉ አይሆንም።

በነጭ ኮላ የተጣበቀ ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ መስታወቱ፣ በለብታ ውሃ የተነከረ ጥጥ ይበቃዋል። ኮላው እስኪለሰልስ መታገስ ነው። የፈላ ውሃ ግን በየትኛውም አትጠቀሚ፤ ፖሊስታይሪን 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ቀጫጭኑ ክፍልም ይጣመማል።

ከተከፈተ በኋላ የቀለጠው ፕላስቲክ በደንብ ይጠንክር፤ ለስላሳ ሳለ ብትፈትጊው ይዝረከረካል። ጉብታውን በምላጩ ጀርባ ፋቂ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ፣ የጎደለውን ደግሞ ለሞዴል በተሠራ ስቱኮ ሙዪ። ለመኪና የሚሆነው ስቱኮ አንዳንዱ ማሟሟቻው ለእንዲህ ያለ ስስ ፕላስቲክ ይበረታል።

እንደገና ከመዝጋትሽ በፊት ግን፣ አደራሽን፣ ምንም ነገር አትቀቢ። ክብደቱን አፍንጫው ውስጥ አስገቢና ሁለቱን ጎኖች፣ ክንፎቹንና ጅራቱን በፕላስተር ብቻ ያዢያቸው። ሁለቱ ጎማዎች የሚቆሙበትን ቦታ በሁለት ጣቶችሽ ደግፈሽ አንሺው። አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ ክብደቱ በቅቷል። ወደ ኋላ ከሄደ ጨምሪ። ቀለሙም እንደሚከብድ አስቢና ከሚያስፈልገው ትንሽ አስበልጪ። ማጣበቂያውን የምትከፍቺው ከዚያ በኋላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? አንቺ የምትለቅሚው ደግሞ በመጋዝ ነው።