ወሬ ስለሚያደርሱ መሣሪያዎች

ዕቃ አፍ የለውም፤ ነገር ግን በዚህ ዘመን ሙቀትንና እርጥበትን ለክቶ በኢንተርኔት መስመር ለሩቅ ሰው የሚያስታውቅ መሣሪያ ተሠርቷል። የዚህም ሥራ ጅማሬ ትንሽ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1982 በአሜሪካ አገር፥ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች የኮካ ኮላ መሸጫውን መኪና ከኮምፒዩተር ጋር አያያዙት፤ ጠርሙስ መኖሩንና መቀዝቀዙንም ከክፍላቸው ሳይወጡ ያውቁ ነበር።

ዛሬ ይኸው ብልሃት ለብዙ ሥራ ይጠቅማል። የመርከብ ኩባንያዎች ሥጋና ፍራፍሬ የተጫነበትን ማቀዝቀዣ ሣጥን ባሕር ላይ ሳለ ከምድር ሆነው ይጠብቁታል። ገበሬም የመሬቱን እርጥበት አውቆ ውኃ የሚያጠጣበትን ጊዜ ይለያል።

በጤና ጣቢያ ግን ነገሩ የነፍስ ነው። ብዙው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይጠበቃል፤ ቢሞቅ ኃይሉ ይደክማል፥ አንዳንዱም በረዶ ቢሆን ይበላሻል። መድኃኒቱን በዓይን በማየት ብቻ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አይታወቅምና፥ ልጁ ተከተበ ተብሎ ከበሽታው ሳይጠበቅ ይቀራል። ስለዚህ ሌሊት መብራት ቢጠፋ መሣሪያው በባትሪው ኃይል ለጠባቂው መልእክት ይልካል።

ሆኖም መልእክተኛ ብቻውን ቤት አያድንም፤ ጠባቂው ሰምቶ ካልተነሣ ክትባቱ ይጠፋል። ደግሞም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ክፉ ሰዎች ከፋብሪካ የወጡበት የምሥጢር ቃል ያልተለወጠላቸውን ካሜራዎችና ሌሎች መሣሪያዎች በስውር ይዘው ታላላቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን ለሰዓታት አስተጓጐሉ። እንግዲህ መሣሪያ የሚተክል ሰው የምሥጢሩን ቃል ይለውጥ፤ ሲጠራውም ፈጥኖ ይነሣ።

ጥያቄ፤ ብዙው ክትባት በስንት ዲግሪ ይጠበቃል? መልእክቱ ከደረሰ በኋላ የቀረው ሥራ የማን ነው?