ፓዱ ቢያልቅ ድመቱ አይባረርም

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእንስሳት ሐኪማችን። ብዙ ዘመን ዳንግላ ኖሬ አምና ወደ እንጅባራ የተዛወርኩ እናት ነኝ። ዳንግላ ሰፊ ጓሮ ስለነበረን ድመታችን እንደ ልቡ ወጥቶ ይገባ ነበር፤ ወንድ ነው። እዚህ የተከራየንበት ግቢ ውሻ አለ፤ ጎረቤቶችም ለአይጥ መርዝ ያስቀምጣሉ፤ ስለዚህ ከቤት አላስወጣውም። ውጭ አገር ያለው ልጄ ሲመጣ ከሥሩ ፓድ የሚነጠፍበት የድመት መጸዳጃ ሳጥን አምጥቶልኝ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። አሁን ፓዱ አለቀ፤ ባሕር ዳር ድረስ አስፈልጌ አጣሁ። ጋዜጣ ባነጥፍበት ቤቱ ሸተተ፤ አመድ ብጨምርበት ባሰ። ድመቱም ሳጥኑ ላይ ደጋግሞ ይቀመጥና ጥቂት ጠብ አድርጎ ይወርዳል፤ ጋቢዬም ላይ ሸንቶብኛል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ እኔ ዘንድ መጥታለች። ጎረቤቶቼ «ድመት ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ ጣይው» ይሉኛል። በፓዱ ምትክ ምን ላድርግ? ድመቱንስ ላባርረው?
እናት፣ ከእንጅባራ

መልስ፦ እናቴ፣ ስለ ፓዱ ከመመለሴ በፊት በደብዳቤዎ መሐል እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓትን አንዲት ነገር ላንሳ። «ደጋግሞ ይቀመጥና ጥቂት ጠብ አድርጎ ይወርዳል» ብለዋል። ኅትመቱን ሳልጠብቅ የደወልኩልዎ በዚህች ምክንያት ነው፤ ሌሎች ድመት ያሏችሁ አንባቢዎችም እንድትሰሙት እዚህ እደግመዋለሁ። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ በጣም ጠባብ ነው። ደቃቅ ጠጠር ወይም ዝልግልግ ነገር ከወተፈው ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለስና ኩላሊቱን ይጎዳል፤ ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ይከማችና ልቡን ያቆመዋል። እንዲህ የተዘጋበት ድመት በሁለት በሦስት ቀን ይሞታል። ሲያምጥ ያየ ሰው ሆዱ የደረቀ ስለሚመስለው ዘይት እያጠጣ ጊዜ ያባክናል። ድመቱ ደጋግሞ ከተቀመጠ፣ ከጮኸ፣ ብልቱን ከላሰና ምንም ካልወጣው ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

የእርስዎ ድመት ጥቂት ጥቂትም ቢሆን እንደሚሸና በስልክ ነግረውኛል፤ እንግዲህ መንገዱ አልተዘጋም ማለት ነው፤ ፊኛው ግን ታሟል። እሱንም ቢሆን ክሊኒክ ይውሰዱት። እንጅባራ ያለችበት አዊ ዞን የፈረስ አገር ነው፤ በዞኑ ያሉ ባለሙያዎች ውሏቸው ከፈረስ፣ ከከብትና ከበግ ጋር ነው። ቢሆንም የድመት ፊኛ ተነፍቶ መደንደን አለመደንደኑን በእጅ ዳስሶ ማወቅ ለየትኛውም የእንስሳት ሐኪም አይከብድም። ከዚያ ያለፈ ሕክምና ካስፈለገ የሚላክበትን ቦታ እሱ ይነግርዎታል።

አሁን ወደ ፓዱ። ይህን ሳጥን የሚሸጡት ሰዎች ሽታ ያጠፋል ብለው ነው የሚያሞግሱት። እኔ የምወድለት ግን ሌላ ነገሩን ነው፤ ነጭ መሆኑን። አፈር ወይም አሸዋ ላይ የሸና ድመት ምን ያህል እንደሸና፣ ሽንቱ ምን እንደሚመስል ማንም አያውቅም። ነጭ ፓድ ላይ ግን ሁሉም ይታያል። 4 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ድመት በቀን በግምት ከ80 እስከ 160 ሚሊ ሊትር ይሸናል፤ ይህ ጠዋትና ማታ ፓዱ ላይ እንደ መዳፍ የሰፋ ቢጫ ምልክት ይተዋል። ምልክቱ ሳንቲም አክሎ ካነሰና ቁጥሩ ከበዛ ፊኛው ታሟል። ፓዱ እየራሰ ቶሎ ቶሎ የሚሞላ ከሆነ፣ በተለይ ድመቱ በዕድሜ የገፋ ከሆነ፣ ኩላሊቱን ወይም ስኳር በሽታን እንጠረጥራለን። ሮዝ ወይም ቡና ዓይነት ቀለም ካዩም ደም ነው። እዚህ ላይ የምንበላውን ወጥ ለድመት የምንሰጥ ሰዎች ልብ እንበል፦ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም እንኳ፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ የፈረሰው ደም በሽንት ይወጣል። ከወጡ የወጣ ሥጋ በውኃ ቢታጠብም ሽንኩርቱ ገብቶበታል። ለድመትዎ ሥጋውን ወጡ ውስጥ ሳይገባ ለብቻው ይቀቅሉለት።

ስለዚህ በፓዱ ምትክ የሚያነጥፉት ማንኛውም ነገር ነጭ ይሁን። ጋዜጣን የማልመክረውም ለዚሁ ነው፤ ጥቁር ቀለሙ ሁሉንም ይሸፍናል፤ ደግሞም ይረጥባል እንጂ ሽንቱን አይይዝም፤ የሸተተዎት እሱ ነው።

የሳጥኑን አሠራር ካወቅን ምትኩን ማግኘት አይቸግርም። ከላይ ድመቱ የሚቆምበት ጠጠር መሰል ፍሬ አለ፤ ብዙ ጊዜ ዚዮላይት ከሚባል ማዕድን የሚሠራ ሲሆን ሽንት ብዙም አይመጥም። ሽንቱ በፍሬዎቹ መሐል አልፎ፣ ቀዳዳ ባለው ወለል ሾልኮ፣ ከሥር ባለው መሳቢያ ላይ ወደተነጠፈው ፓድ ይወርዳል። ዓይነ ምድሩ ከላይ ይቀራል። ፓዱ ውስጥ ያለው ሶዲየም ፖሊአክሪሌት የሚባል ዱቄት ነው፤ ፈሳሽ ሲያገኝ ያብጥና ይረጋል። ንጹሕ ውኃ ከሆነ ከክብደቱ በመቶዎች እጥፍ ይይዛል፤ ጨው ላለበት ሽንት ግን አቅሙ በብዙ ያንሳል። ይህ ዱቄት የሕፃናት ዳይፐር ውስጥ ያለው ራሱ ነው። በጃፓን እንዲህ ያለውን ሳጥን የሚሠራው ዩኒ ቻርም የተባለ ኩባንያም የታወቀው በዳይፐርና በሴቶች የንጽህና መጠበቂያ ነው። ባሕር ዳር ድረስ ያስፈለጉት ነገር እንግዲህ እንጅባራ ሱቅ ውስጥ አለ።

ዳይፐሩን በጎንና በጎን ያለውን ላስቲክ በመቀስ ቆርጠው ይዘርጉት፤ ፕላስቲኩ ወደ ታች፣ ለስላሳው ወደ ላይ ይሁን። መሐሉን እንዳይቀዱት፤ ዱቄቱ ከወጣ ይበተናል፤ ድመቱም ከእግሩ ላይ ሊልሰው ይችላል። ትልቁ ቁጥር ለአንድ ድመት ሁለት ሦስት ቀን ያገለግላል። ፋርማሲ ውስጥ ለአልጋ ቁራኛ በሽተኛ የሚነጠፈውን ፓድ ካገኙ ደግሞ ሰፊ ነው፤ በልኩ አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ማስገባት ነው።

ዋጋው ከከበደዎት አሮጌ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ የነጠላ ወይም የአንሶላ ቁራጭ፣ አራት አምስት ድርብ አድርገው ያንጥፉ። ይህ በየቀኑ መቀየር አለበት። በበጋ ጥሩ መላ ነው፤ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ክረምት ግን የእንጅባራን ዝናብና ብርድ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል፤ የተሰጣ ልብስ ስንት ቀን ሳይደርቅ ይከርማል! እርጥብ ጨርቅ መልሶ ማንጠፍ ከጋዜጣው አይሻልም። ስለዚህ በጋውን በጨርቅ፣ ክረምቱን በዳይፐር ያሳልፉ።

ከላይ ያሉት ፍሬዎችም አንድ ቀን ያልቃሉ። ያኔ ከወለሉ ቀዳዳ የሚተልቅ፣ ጠርዙ ያልሾለ ደቃቅ የወንዝ ጠጠር ተነፍቶና በፈላ ውኃ ታጥቦ ይተካቸዋል። ቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በአካባቢው ሞልቷል፤ ግን በቀዳዳዎቹ ሽንት ይይዛል፤ ለእግርም ሻካራ ነው። ሰጋቱራ በዚህ ሳጥን አይሆንም፤ በቀዳዳው ይወርዳል። ከነጭራሹ በዚህ ሳጥን ከሰለቹ ግን አንድ ሰፊ ሳፋ ላይ አራት ጣት ያህል ደረቅ ሰጋቱራ ማድረግ በቂ ነው፤ ከእንጨት ቤት ሲወስዱ የባሕር ዛፍ ያልሆነውን፣ ሙጫ ካለበት ኤምዲኤፍ ከሚባለው ጣውላ ጋር ያልተቀላቀለውን ይምረጡ። ያኔ ግን ነጩን ፓድ ያጣሉ፤ እኔ ድመቱ እስኪድን ድረስ ሳጥኑን ባይተዉት እመርጣለሁ።

አመዱ ለምን እንዳባሰው ልንገርዎ። አመድ ለድመት መጠቀም የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካም ኤድዋርድ ሎው የተባለ ሰው በ1947 እ.ኤ.አ. የሸክላ አፈር ፍሬ ለድመት መሸጥ እስኪጀምር ድረስ ሰዉ አመድና አሸዋ ነበር የሚጠቀመው። ደረቅ ሲሆን ሽታ የሚቀንስ ይመስላል። ሽንት ሲነካው ግን አመዱ ያለው የአልካሊ ባሕርይ ሽንቱ ውስጥ የታሰረውን አሞኒያ ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ እሱ ነው። እርጥብ አመድ የድመቱንም መዳፍ ይልጣል፤ መዳፉ ያቃጠለው ድመት ደግሞ ወደዚያ ሳጥን አይመለስም።

ከአመዱ የባሰው በረኪና ነው። ሽንት የነካውን ሳጥን በበረኪና አይጠቡ! በረኪናና አሞኒያ ሲገናኙ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ መስኮት በሌላት ትንሽ ክፍል ውስጥ ሳንባ ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ደግሞ ይብሳል። ዴቶልም አይሆንም፤ የድመት ጉበት እንዲህ ያሉ ኬሚካሎችን ማስወገድ አይችልም፤ ድመቱ መዳፉን ሲልስ ይመረዛል። ሳሙናና የፈላ ውኃ ይበቃል።

ጋቢው ላይ የሸናው ለብቀላ አይደለም። ድመት የሚያመው ፊኛው መሆኑን አያውቅም፤ ሳጥኑ ላይ ስለሚያመው ሳጥኑን ይፈራና ለስላሳና ሞቃት ነገር ይፈልጋል። በዚያ ላይ ዳንግላ አፈር ጭሮ የኖረ ድመት ነው፤ ፍሬው ለእግሩ እንግዳ ነው። ከፍሬው ላይ ስስ አድርገው ደረቅ አፈር ይበትኑበት፤ የተወሰነው ወደ ፓዱ ይወርዳል፣ ግድ የለም፤ በየቀኑ እየቀነሱ ይሂዱ። ሳጥኑ ከምግቡ የራቀ፣ ሰው የማይመላለስበት ጥግ ይሁን። ጋቢውን በቀዝቃዛ ውኃ ካለቀለቁ በኋላ አቼቶ በውኃ በጥብጠው ይንከሩትና በሳሙና ይጠቡት፤ ሽታው ከቀረ ድመቱ ተመልሶ ይመጣበታል።

ጎረቤቶችዎ የሚሉት መነሻ አለው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነፍሰ ጡር ሴትን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዛት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ እንቁላሉም የሚወጣው በድመት ዓይነ ምድር ነው። ግን ድመት ይህን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የተያዘ ሰሞን፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ የሚያዘውም አይጥና ወፍ አድኖ ወይም ጥሬ ሥጋ በልቶ ነው። ከቤት የማይወጣና የበሰለ የሚበላ ድመት ሥጋቱ ትንሽ ነው። ደግሞ እንቁላሉ እንደወጣ አይተላለፍም፤ ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው የፓዱ ሳጥን ሰውን የሚያዘናጋው። ፓዱ ሽንቱን ለቀናት ስለሚይዝ ሳጥኑ ንጹሕ ይመስላል፤ ዓይነ ምድሩ ግን ከላይ እንደተቀመጠ ነው። እሱን በየቀኑ ያንሱት፤ የሚያነሱትም እርስዎ ይሁኑ እንጂ ልጅዎ አትሁን። ጓንት ያድርጉ፣ ከዚያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይጣሉት እንጂ ጎመንና ሰላጣ ወዳለበት ጓሮ አይድፉት፤ እንቁላሉ እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ይቆያል። በረኪና አይገድለውም፤ የፈላ ውኃ ግን ይገድለዋል። ያገለገለውን ዳይፐር ግን ጉድጓዱ ውስጥ አይጣሉት፤ አይበሰብስም፣ ጉድጓዱንም ይሞላዋል። በፌስታል አስረው ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ይስጡ።

ልጅዎን ከድመቱ ይበልጥ የማሠጋላት ጥሬ ሥጋ ነው። ክትፎ ለብ ለብ ቢደረግም አይበቃም፤ ተሕዋሱ የሚሞተው ሥጋው ውስጡ ድረስ ሲበስል ነው። እስክትወልድ ጥሬ ሥጋም ሆነ ለብ ለብ አትብላ፤ ጥሬ የሚበላ አትክልት በደንብ ይታጠብላት፤ ለነፍሰ ጡር ክትትል ስትሄድም ቤት ውስጥ ድመት እንዳለ ለሐኪሟ ትንገር።

ድመቱን አያባርሩት። ከወጣ የሚጠብቀው ራስዎ የጻፉት መርዝና ውሻ ነው፤ አይጥ ማደኑንም ይጀምራል፤ ወደ ቤት ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ልጅዎን የሚያሠጋትን ነገር ያኔ ነው ይዞ የሚገባው። ለፊኛው ክሊኒክ ሲወስዱት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዳላቸው ይጠይቁና ያስከትቡት፤ በሽታው ድመትንም ይይዛል። ከሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት ጠዋት ጠዋት መሳቢያውን ይሳቡና ነጩ ላይ ያለውን የምልክት ስፋት ይዩ፤ ካልሰፋ መልሰው ይውሰዱት።