የሕግ ትምህርት፦ ዳኛ ውልን እንዴት ያነበዋል?



በካርቱም በኖርነው ወገኖች መካከል ከሚነሡት ጠቦች ብዙዎቹ መነሻቸው ገንዘብ ነው። አንዱ ለሻይ ቤት ዕቃ መግዣ ያበድራል። ሌላው ከጓደኛው ጋር በሽርክና ሱቅ ይከፍታል። ሦስተኛዋ በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ለዘመድ ልካ አገር ቤት ቤት ታስገዛለች። ነገሩ ሲበላሽ ሁሉም «ተስማምተን ነበር» ይላል። ዳኛ ግን መስማማታችንን ብቻ አይጠይቅም፤ ስምምነቱ በምን መልክ እንደተደረገና ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ጉዳይ እንዴት እንደተፈረደ ጭምር ያያል። የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የታወጀው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን የውል ክፍሉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በቁጥር 1731 መሠረት በሚገባ የተደረገ ውል ተዋዋዮቹን እንደ ሕግ ሆኖ ያስገድዳቸዋል። «ውሉ ራሱ ሕግ ከሆነ ታዲያ ዳኛ ምን ይጨምራል?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሕግ ሁሉን አስቀድሞ አያውቅም። አንዱ አንቀጽ ከሌላው ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ሌላው ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ዳኛ ይተረጉማል፤ ትርጓሜው ከዚያ በኋላ ውል የሚጽፈውን ሰው ሁሉ ይነካል።

ለዚህ ከቤት ሽያጭ የተሻለ ምሳሌ የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል፤ ስለ ምዝገባ ግን አያነሣም። ቁጥር 1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ መሆን ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ዘንድ መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል። ሕዝቡ በበኩሉ ለብዙ ዘመን ቤት ሲገዛና ሲሸጥ የኖረው በሰፈር ሽማግሌ ፊት፣ ምስክር ቆጥሮ፣ ወረቀት ላይ ፈርሞ ነው። ጠበቆችም በሁለት ተከፍለው ሲከራከሩ ቆዩ። አንዱ ወገን ስለ ሽያጭ በተለይ የሚናገረው 2877 ስለሆነ ጽሑፍ ይበቃል አለ። ሌላው ወገን 1723 ካልተሟላ ውል የሚባል ነገር የለም አለ።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ለሁለተኛው ወገን ፈረደ፤ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ እንደ ውል አይቆጠርም አለ። ውጤቱ ከባድ ነበር። የቤት ዋጋ ሲያሻቅብ የጸጸተው ሻጭ ፍርድ ቤት ሄዶ «ውሉ አልተመዘገበም» ለማለት መንገድ ተከፈተለት። ውል ሲፈርስ ሁለቱም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉና ገዢው ቤቱን ለቆ የከፈለውን ገንዘብ ይቀበላል። ከዓመታት በፊት ቤት የገዛ ብር ግን በኋላ የቤቱን በር እንኳ ላይገዛ ይችላል። በእኔ አስተያየት ሕጉን በፊደሉ ካነበብነው ችሎቱ አልተሳሳተም፤ ጉዳቱ ግን የወደቀው ሕጉን በማያውቀው ሰው ላይ ነው። ቆይቶ ችሎቱ በሌሎች መዝገቦች ነገሩን አለዝቦ፣ ሻጩ ውሉን ካልካደ አለመመዝገቡ ብቻውን አያፈርሰውም ወደሚል አቋም መጥቷል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የአንቀጹ ፊደል አልተለወጠም። የተለወጠው ንባቡ ነው።

ይህ ውሳኔ በአንድ ገዢና በአንድ ሻጭ መካከል ብቻ ሳይቀር አገሩን ሁሉ ለምን አስገደደ? የቀድሞው የኢትዮጵያ አሠራር እንደ አውሮጳ አህጉር አገሮች ነበር፤ የላይኛው ፍርድ ቤት ውሳኔ ይከበራል እንጂ እንደ ሕግ አይያዝም። በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 454 ሲወጣ ግን ይህ ተቀየረ። ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰየመው የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በፌዴራልም ሆነ በክልል ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ የሚያስገድድ ሆነ። ችሎቱ ራሱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም መስጠት ይችላል። ያን አዋጅ የተካው የ1013 ሳይሆን የ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1234 ነው፤ አስገዳጅነቱን እርሱም አላስቀረውም። ውሳኔዎቹ በየጊዜው በቅጽ እየታተሙ ስለሚወጡ የአገር ቤት ነገረ ፈጅ ውል ከመጻፉ በፊት ሕጉንም ቅጾቹንም ያገላብጣል።

ስለዚህ ገንዘብ ወደ አገር ቤት ልካችሁ ቤት የምታስገዙ ሁሉ «ወረቀት ተፈርሟል» የሚለው የስልክ ቃል አይብቃችሁ። ውሉ ውልና ማስረጃ ገብቶ ተመዝግቧል ወይ? ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የማን ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ዘመዳችሁ በራሱ ስም ከገዛ በወረቀት ባለቤቱ እርሱ ነው። በስማችሁ እንዲገዛ ውክልና ያስፈልጋል። ቤት ለመሸጥ ደግሞ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ወደ ኤምባሲ መሄድ ለማይችል ስደተኛ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የሕግ ባለሙያ ቢያማክር ይሻላል።

በሽርክና ወይም በንግድ ለተሰማራ ደግሞ ከእንግሊዝ አገር የመጣ አንድ የቆየ ፍርድ አለ። በግሎስተር ከተማ የነበረ የወፍጮ ቤት ዘንጉ ተሰብሮበት አዲስ ለማሠራት በአጓጓዦች ይልከዋል። አጓጓዦቹ ዘገዩ፤ ወፍጮውም ሥራ ፈትቶ ቆመ። ባለወፍጮዎቹ የቀረባቸውን ትርፍ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1854 ፍርድ ቤቱ፣ ተዋዋይ የሚከፍለው ከጥፋቱ እንደ ተለመደው የሚደርሰውን ወይም ውሉ ሲደረግ ሁለቱም ያሰቡትን ጉዳት ነው፤ ወፍጮው በዘንጉ ምክንያት እንደሚቆም ለአጓጓዦቹ አልተነገራቸውም ሲል ወሰነ። የእኛም ሕግ ከቁጥር 1799 እስከ 1801 ወደዚሁ ይመጣል። ለሠርግ የተከራያችሁት ማቀዝቀዣ በቀኑ ባይመጣና ሥጋው ቢበላሽ፣ ዕቃው ለሠርግ መሆኑንና ቀኑን ውሉ ላይ ካልጻፋችሁ ኪራዩን ከማስመለስ ያለፈ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ካርቱም ውስጥ የተደረገ ውል ሱዳናዊ ዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚታየው በአብዛኛው በሱዳን ሕግ ነው፤ እርሱም የራሱ ታሪክ አለው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1900 አውጥተው በ1929 ባደሱት ደንብ፣ የተጻፈ ሕግ ባልተገኘበት ዳኛው በፍትሕ፣ በርትዕና በመልካም ኅሊና እንዲፈርድ ታዘዘ። በዚህች አጭር ቃል በኩል የእንግሊዝ ፍርዶች ገቡ፤ የሱዳን የውል ሕግም ለብዙ ዓመታት በዳኞች እጅ አደገ። በ1971 የግብፅን የሚመስል የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጥቶ በ1973 ተሻረ። በ1974 የውል ሕግ፣ በ1984 ደግሞ ከሸሪዓ የተቀዳው የፍትሐ ብሔር ግብይቶች ሕግ ወጣ። በ1983 የሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኛ ወለድ እንዳይፈርድ ተከልክሏል። የአገራችን ሕግ በብድር ላይ እስከ 12 በመቶ ወለድ ይፈቅዳል፤ ያን ቆጥሮ ካርቱም ላይ ወለድ ያለበት የብድር ወረቀት የሚጽፍ ሰው ግን በወለዱ ላይ ተስፋ አያድርግ። ሁለት ምስክር የማቆም ልማድ በሁለቱም አገር አለ፤ የእኛ ቁጥር 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል ሁለት ምስክር ከሌለው አይጸናም ይላል። ሌላው ነገር ቋንቋ ነው። የሱዳን ፍርድ ቤት የሚሠራው በዐረብኛ ስለሆነ ወረቀቱን በአማርኛና በዐረብኛ ጎን ለጎን መጻፍ በኋላ ከትርጉም ጭቅጭቅ ያድናል።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ ስንቱ ሱቅ ተዘረፈ፣ ስንቱ ቤት ተቃጠለ! ዕዳ ያለበት «ጦርነት ነው፣ አልከፍልም» ይላል፤ ያበደረው «ብሬን አምጣ» ይላል። በኢትዮጵያ ሕግ ቁጥር 1793 የውጭም ሆነ የእርስ በርስ ጦርነት ከዐቅም በላይ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። ነገር ግን ቁጥር 1792 ግዴታውን መፈጸም ፈጽሞ የማይቻል መሆኑን ይፈልጋል፤ ከበፊቱ ይበልጥ መክበዱ ብቻ ባለዕዳውን ነፃ አያወጣውም። የተዘረፈውን የተለየ ዕቃ ማስረከብ አይቻልም፤ ገንዘብ መክፈል ግን ይከብዳል እንጂ አይቻልም ለማለት ያስቸግራል። የሱዳን የ1984 ሕግ በዚህ ላይ ይለያል። ያልታሰበ፣ ብዙ ሰውን የነካ ልዩ ሁኔታ ደርሶ ግዴታው ባለዕዳውን ለከባድ ኪሳራ የሚዳርገው ሲሆን ዳኛው የሁለቱን ጥቅም መዝኖ ግዴታውን ወደ ተገቢ ልክ ማውረድ ይችላል። አንድ ባለዕዳ በአንድ ጦርነት ምክንያት አዲስ አበባ ላይ አንድ መልስ፣ ካርቱም ላይ ሌላ መልስ ያገኛል ማለት ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ውል ስትጽፉ «ከተማው ቢታወክ፣ ንብረቱ ቢዘረፍ ጉዳቱ የማን ነው?» የሚለውን ጨምሩበት። ወረቀቱንም በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ፣ ፎቶውን ከከተማው ውጭ ላለ የምታምኑት ሰው ላኩ። ከሸሹት መካከል ወረቀታቸው ቤት ውስጥ የቀረባቸው ጥቂቶች አይደሉም።

«ስደተኛ ምን ፍርድ ቤት አለው?» የሚሉ አሉ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1974 የተቀበለችው የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 16 ስደተኛ በፈራሚዎቹ አገሮች ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። ቢሆንም አብዛኛው ጠብ የሚያልቀው በሽማግሌ ነው፤ እርሱም መልካም ነው። በአገራችን ሕግ ቁጥር 3312 መሠረት ተዋዋዮች በግልግል የተስማሙበት ነገር በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ብዙ ጊዜ ግን የዕርቁ ወረቀት «ይቅር ተባብለዋል» ብሎ ያበቃል። ማን፣ ለማን፣ ስንት፣ በየትኛው ቀን እንደሚከፍል ካልተጻፈበት በኋላ ዳኛ ፊት ቢቀርብ የሚፈጸም ነገር አይገኝበትም።