የመጋዘኗ ድመት ጸጉርና የጤፍ ዋጋ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ጤፍ ገዝቶ ለሚያከማች ነጋዴ ድመት እንደ ሚዛኑና እንደ ጆንያው ሁሉ የሥራ ዕቃ ነች። አይጥ የምትበላው እህል ሲሰላ፣ የቀደደችው ጆንያና ያፈሰሰችው ጤፍ ሲጨመርበት፣ ለድመቷ በየቀኑ የሚወረወረው ቁራሽ ሳንባ ኢምንት ወጪ ነው። ሆኖም ይህች ዘበኛ ነጋዴው በሒሳቡ የማያስገባው አንድ ዕዳ አለባት። ጸጉሯ ይረግፋል።

ጤፍ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ባዕድ ነገር ከውስጡ ለይቶ ማውጣት አድካሚ ነው። ጠጠሩ በወንፊት ይቀራል፤ የድመት ጸጉር ግን ከመቅጠኑ የተነሳ በቁመቱ ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። አዲስ አበባ፣ እህል በረንዳ ላይ ደላላው እጁን ወደ ጆንያው ሰዶ ይዘግናል፤ መዳፉ ላይ ዘርግቶ እፍ ይላል። በነጩ ጤፍ ላይ ጥቁር ጸጉር ብቅ ካለ ድርድሩ ያኔውኑ መልኩን ይለውጣል። እንበልና ገዢው ከኩንታሉ 100 ብር ቢያስቀንስ፣ 50 ኩንታል የጫነ አይሱዙ 5,000 ብር አጣ ማለት ነው። መኪናው የዓባይን በረሃ ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከመጣ በኋላ ደግሞ ጭነቱን ይዞ መመለስ አይታሰብም። ይህንን ገዢውም አሳምሮ ያውቀዋል።

መፍትሔው ድመቷን ማባረር እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ አይጥ ከጸጉር የባሰ ነውና። የሚረግፈው ጸጉር ጤፉ ላይ ከመውደቁ በፊት በሚዶ መሰብሰብ ግን ይቻላል።

በውጭ አገር የሚታተሙ መመሪያዎች ድመት ጸጉሯን በብዛት የምትጥለው በጸደይና በበልግ ነው ይላሉ። ምክንያቱ የቀኑ መርዘምና ማጠር ነው። በለንደን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል የ9 ሰዓት ያህል ልዩነት ሲኖር፣ በደብረ ማርቆስ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይዘልም። ስለዚህ የጎጃም ድመት ወቅት ጠብቃ በአንድ ጊዜ ከመመለጥ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ትጥላለች ተብሎ ይጠበቃል። ከዚህ አኳያ የሚያዋጣው በየሳምንቱ አንድና ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አሥር ደቂቃ ማበጠር ነው።

ሥራው ከመጋዘኑ ውጭ፣ ከበላች በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት ይከናወናል። ጥርሱ ጠበብ ያለ ሚዶ ይበቃል፤ ጫፉ ግን ቆዳ እንዳይቧጭር መፈተሽ አለበት። ከአንገት ተጀምሮ ወደ ጀርባ፣ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ በቀስታ ይሳባል። ሆድና ጅራት ለመጨረሻ ይቆያሉ። ጅራቷን ማወናጨፍ ወይም ጆሮዋን ማጣበቅ ከጀመረች በዚያው መተው ነው። በመጨረሻ ረጠብ ባለ እጅ ወይም በጎማ ጓንት ሲዳበስ የቀረው ጸጉር ተጠቅልሎ ይወጣል። የተቋጠረ ጸጉር ሲያጋጥም በጣት ማላላት እንጂ መቀስ ማንሳት አይገባም፤ የድመት ቆዳ ስስ ነው። በደብረ ማርቆስ ብርድ ውኃ ውስጥ መንከርም አያስፈልግም፤ ራሷን በምላሷ ታጸዳለች።

ጉዳዩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ጸጉሯ ላይ ያረፈ ሁሉ በምላሷ በኩል ሆዷ ይገባል። ለነቀዝ የተረጨ ዱቄት መድኃኒት ባለበት መጋዘን ድመት ማሳደር እንግዲህ መርዝ ማብላት ነው። በተለይ ፐርሜትሪን ያለበት የከብት ወይም የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ድመትን ይገድላል። በሚዶው ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ከታየ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ማራገፍ ነው፤ ቀይ ቡናማ ሆኖ ከፈሰሰ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ለድመት የሚሆነውን መድኃኒት የእንስሳት ሐኪም ይንገር። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ካለም ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ በባዶ እጅ አይነካም። ከነከሰች ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይይዛል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ቀለቡን ነው። ጸጉር የሚሠራው ከፕሮቲን ሲሆን፣ ትራፊ እንጀራ ብቻ የምትበላ ድመት ጸጉሯ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ወጡ ደግሞ ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። “አይጥ እንድትይዝ ትራብ” የሚለው ነጋዴ ከሁለቱም ወገን ይከስራል፤ የጠገበች ድመትም ታድናለች።

መኝታዋም ይታሰብበት። ክፍት ጆንያ ላይ የምትተኛ ድመት ብትበጠርም ጸጉር መጣሏ አይቀርም። በር አጠገብ በካርቶን ውስጥ የጋቢ ቁራጭ ቢነጠፍላት እዚያው ትለምዳለች፤ ጨርቁ በየሳምንቱ ውጭ ይራገፋል። አይሱዙው ከመጫኑ በፊትም የጆንያዎቹን አፍ አስሮ ላያቸውን በብሩሽ መጥረግ የአንድ ወዛደር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።