ከአሰላ ለአንድ ዓመት፦ ስምሽ፣ ልደትሽና ስንቅሽ

የልውውጥ ዓመት ከሙሉ ስኮላርሺፕ ይለያል። በስኮላርሺፕ ሄዶ ዲግሪውን ውጭ የሚይዝ ሰው የዚያው አገር ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ነው። በልውውጥ የምትሄጂው አንቺ ግን እዚያ እየተማርሽም የአገር ቤት ዩኒቨርሲቲሽ ተማሪ እንደሆንሽ ትቆያለሽ። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ፕላስ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ አንዱ ቆይታ ከ12 ወር አይበልጥም፣ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፣ ዲግሪሽን የሚሰጥሽ ግን የላከሽ ዩኒቨርሲቲ ነው።

እንግዲህ እዚያ የተማርሽው እዚህ እንዲቆጠርልሽ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው ሰነድ የትምህርት ስምምነት ወይም ለርኒንግ አግሪመንት ይባላል። እዚያ የምትወስጃቸው ኮርሶች ከነክሬዲታቸው ይዘረዘሩበታል፤ እዚህ የትኞቹን እንደሚተኩም ይጻፍበታል። የሚፈርሙት ሦስት ናቸው፦ አንቺ፣ ላኪውና ተቀባዩ። አውሮፓ የተማሪን የሥራ ጫና የሚለካው ኢሲቲኤስ በሚባል ክሬዲት ሲሆን የሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ነው። ከትምህርት ክፍል ኃላፊሽ ጋር ኮርስ በኮርስ ተነጋገሪ። «ግድ የለም፣ ይያዝልሻል» የሚል ቃል ወረቀት ላይ እስኪሰፍር ድረስ አትርኪበት፤ አለዚያ ተመልሰሽ ያንኑ ዓመት መድገም ሊመጣ ይችላል።

ቀጥሎ ማስረጃ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጉላላው እዚህ ነውና። ቪዛ የሚመረምረው ሰው አንቺን የሚያውቅሽ በወረቀትሽ ብቻ ነው። የልደት ምስክር ወረቀትሽ፣ ፓስፖርትሽ፣ ትራንስክሪፕትሽና የቅበላ ደብዳቤሽ ስለ አንዲት ሴት መናገር አለባቸው። በአርሲ ይህ የራሱ ፈተና አለው። የአፋን ኦሮሞ የትምህርትና የመንግሥት ጽሕፈት በቁቤ ነው። ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ በ«ሲ» ይጀምራል፣ «ኤ» ሁለቴ፣ «ዩ»ም ሁለቴ ይገባሉ፤ ቁቤ ረጅም አናባቢን የሚያሳየው ፊደሉን በመድገም ነውና። ያው ስም በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ ደግሞ «ሲ» እና «ኤች» ተጣምረው ይጀምሩታል፤ አናባቢዎቹም አይደገሙም። ሁለቱም አጻጻፍ በየሥርዓቱ ትክክል ነው። ለማያውቅ መርማሪ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው።

መፍትሔው ከሥሩ መጀመር ነው። ፓስፖርት የሚወጣው በልደት ምስክር ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ስህተት ካለ ፓስፖርት ከመጠየቅሽ በፊት ምስክር ወረቀቱን ከሰጠው ጽሕፈት ቤት አስተካክዪ። ፓስፖርቱ ከወጣ በኋላ ማመልከቻ ስትሞዪ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ገልብጪ። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲልሽ የአባትሽን ልጻፍ ወይስ የአያቴን ብለሽ አትጨነቂ፤ በፓስፖርትሽ በዚያ መስመር ላይ የሰፈረውን ብቻ አስገቢ።

የልደት ቀንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንዱ ሰው በደፈናው 7 ደምሮ ያልፋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ የሚደመረው 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ ፈረንጆቹ ዓመት ስለሚለውጡ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይሆናል። ጥቅምት 10 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በእነሱ አቆጣጠር ልደቷ ኦክቶበር 20 ቀን 2004 ነው። ሐምሌ 10 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደችው ጓደኛዋ ግን ጁላይ 17 ቀን 2005 ትላለች። በእኛ እኩዮች ናቸው፤ በሰነዳቸው ዓመቱ ይለያያል። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አንዴ በትክክል አስልተሽ ጻፊና ከዚያ ወረቀት ብቻ ገልብጪ።

የሰዓቱ ጉዳይ አጭር ነው። የኤምባሲ ቀጠሮሽ 9:00 ከተባለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው፤ ከአሰላ በአዳማ አድርጎ አዲስ አበባ ወደ 175 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ዋዜማውን እዚያው እደሪ። ትኬትሽ «16፣ 00:30» ካለ በረራው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቦሌ መድረስ ያለብሽ በ15ኛው ቀን ምሽት ነው።

ስንቅን በተመለከተ፣ እናትሽ ጭኮ ልታዘጋጅልሽ ታስብ ይሆናል። ለአገር ውስጥ መንገድ ከዚህ የሚሻል ስንቅ አላውቅም፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ስለሚታሽ ብዙ ቀን ይቆያል፣ ጥቂቱም ያጠግባል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን መንገደኛ ከሌላ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። አፍተግርን የመሰለ የከብት በሽታ በእነዚህ ምግቦች ሊተላለፍ ስለሚችል ነው። ስለዚህ ቋንጣውም ጭኮውም ቤት ይቀራሉ፤ የምትይዢው ቅቤ ያልነካው በሶ ይሁን። ቅቤ እዚያ ከሱቅ ይገኛል። እናትሽ በምን ቅመም፣ በምን ያህል እሳት እንደምታነጥረው ግን ከመሄድሽ በፊት አጠገቧ ቆመሽ ተማሪው።